ባና የለበሰው ሞተር

እኔ እንዲህ ያለ ወሬ ሲያወሩልኝ ከት ብዬ የምስቅ ሴት ነኝ፣ ዛርም ጅንም አየሁ ያለኝን ሰው ዓይንህን ታጠብ እለዋለሁ፣ ይኸኛውን ግን በገዛ ጆሮዬ ሰማሁት፣ ምን ላድርገው።

ልጄን ታንጉትን ምጥ ይዟታል፣ አዋላጇ ከጎኗ አለች፣ ቤት ውስጥ ግን ለአራስ ገንፎ የምትሆን እፍኝ ዱቄት የለችም። አራሷን ምን ላቀምሳት ነው ብዬ ገብሴን በአህያ ጭኜ፣ ከሞላሌ በታች ወዳለው ወፍጮ ቤት ወረድሁ። ጉሙ፣ እመኑኝ፣ የአህያዬን ጆሮ እንኳ አያሳይም። ስደርስ ተራ ከያዙት ሴቶች ሁሉ መጨረሻ ሆንሁ። ባለወፍጮው ሸዋንግዛው፣ ናፍጣ የሚያመጣው መኪና ከቀረ ሰንብቷል፣ ጀሪካኑ ሥር ያለችው ለፊተኞቹም መብቃቷን እንጃ አለን። እንዴትስ ትበቃለች፣ ሞተሩ ናፍጣውን እንደ ጠላ ይጋተዋል፣ የሚያወጣው ግን ጥቁር ጭስ እንጂ ጉልበት አይደለም፣ ድንጋዩ እያዘገመ ነው የሚዞረው።

ተራዬን ደጅ ቆሜ ስጠብቅ ከኋላዬ ሰው ያስላል። ጉንፋን የያዘው ነው ብዬ ተውሁት። ኋላ ልብ ብዬ ሳዳምጥ ግን፣ ሞተሩ ሲንተፋተፍ እሱም ያስላል፣ ሞተሩ ረገብ ሲል እሱም ያርፋል። ዞር ብል ጉም ብቻ፣ ከእኔ ኋላ እኮ ማንም አልነበረም። ወዲያው እዚህ ማጅራቴ ላይ፣ በቀጭኑ፣ «አፌን ልቀቁኝ» አለ።

ማርያምን፣ አልዋሽም። ገብቼ ለሸዋንግዛው ብነግረው፣ «እማማ አስካለ፣ ብርዱ ጆሮዎት ገብቶ ነው፣ ቁጭ ይበሉ» ብሎ ሳቀ፣ ሴቶቹም ተራ ልትነጥቀን ነው ብለው አሙኝ። እኔ ግን ሞተሩን አየሁት። በውርጭ አልነሳ እያለ ስላስቸገረው፣ ሸዋንግዛው እንደ ሰው ወፍራም የበግ ጠጉር ባና ደርቦለታል፣ እኛም ደግ አደረገ ስንል ከርመናል፣ ብርድ አገር አይደል። ያ ባና በአንድ ጎኑ ወደ ውስጥ ስርጉድ ብሏል፣ ጡት እንደሚጠባ ሕፃን ጉንጭ። ይዤ ሳብሁት።

ሞተሩ አየር ሳበ፣ እንዲህ በረጅሙ፣ ከዚያ ድምፁ ጠራ፣ ጭሱ ሳሳ፣ ድንጋዩ ፈጠነ። ያቺው ናፍጣ የፊተኞቼን ሁሉ እህል ፈጭታ፣ የእኔንም ገብስ ዱቄት አደረገችው። ሸዋንግዛው፣ ለካ አየር መሳቢያውን በባና አፍኜበት ናፍጣው ሳይነድ በጭስ ሲወጣ ኖሯል ብሎ ራሱን ያዘ። ይኸስ ይገባኛል፣ ምድጃም ቢሆን ነፋስ ካላገኘ ይጨሳል። የነገረኝ ማን እንደሆነ ነው ያልገባኝ፣ ሴቶቹን ሁሉ ጠየቅሁ፣ የሰማ የለም።

ቤት ስደርስ ታንጉት በሰላም ተገላግላለች፣ ሴት ልጅ፣ ተመስገን። ገንፎውን አገንፍቼ፣ የመጀመሪያዋን ስትውጥ አይቼ፣ እፎይ ልል አፌን ስከፍት ሌላ ሰው ቀደመኝ፣ ከመደቡ ጀርባ፣ ከግድግዳው በኩል፣ በረጅሙ «እፎይ» አለ።

ታንጉት ማንኪያዋን እንደያዘች ቀና አለችና፣ «እማዬ፣ ማነው እሱ?» አለችኝ።