«ኖር» ያለችው ማን ነበረች

እዚያ የነበርነው እነዚህ ነን። እኔ ከመስኮቱ ሥር ተቀምጫለሁ፣ ከአጠገቤ አንድ ባዶ ወንበር አለ፣ አስተናጋጇ ከባንኮኒው ኋላ ናት፣ የእድራችን ሰብሳቢ ወይዘሮ ዘይነባ ደግሞ ሳላስባት ገብታ ከበሩ አጠገብ ቆማ ኬክ እስኪታሸግላት ትጠብቃለች። ቦታው ከካዛንቺስ ወደ ኡራኤል ሲወረድ ያለች ትንሽ ካፌ ናት። ይህን የምዘረዝርላችሁ ጨለማ እንዳልነበረ፣ ብቻዬንም እንዳልነበርኩ እንድታውቁልኝ ነው። እኔ እንዲህ ያለ ወሬ ሲነሳ ጨዋታ የምለውጥ ሴት ነኝ፣ ጎረቤት ጥላ አየሁ ሲለኝ ዓይንህን ታከም እል ነበር፣ እመኑኝ፣ ዛሬም አምናለሁ ለማለት አልደፍርም።

የመጣሁት ወንድ ላገኝ ነው። በዚህ ዕድሜ ይህን መጻፍ ያሳፍራል። የእህቴ ልጅ ሰናይት ከስልኳ ላይ የትዳር ፈላጊዎችን ማስታወቂያ ስታነብልኝ፣ ሁሉም «መልከ መልካም፣ ቤትና መኪና ያለው» ይላል፣ እኔም ለቀልድ፣ «ሻይ በጨው የሚጠጣ፣ መብራት ሲጠፋ አምፖሉን ደህና እደር የሚል ሽማግሌ ካለ ጻፊልኝ» አልኳት፣ ልጅቱ እውነት ብላ ጻፈችው። አንድ ሰው መለሰ። «ደህና እደር እለዋለሁ፣ ሲመጣም የት አምሽተህ ነው ብዬ እቆጣዋለሁ» ይላል። ባሌ ከሞተ ወዲህ እንደዚያ ስቄ አላውቅም። ከዚያ በስልክ ብዙ ተጫወትን፣ በመጨረሻም እንገናኝ ተባባልን፣ ምልክቱ አንዱ ቀይ አንዱ አረንጓዴ ካልሲ ሆነ።

እንግዲህ ዘይነባን ሳያት የሆንኩትን አስቡት። የባሌን የሐዘን ድንኳን ያስተከለች ሴት ናት፣ እሷ ካወቀች እድርተኛው ሁሉ አወቀ ማለት ነው፣ በዚህ ሽበቴ የት እገባለሁ? ሰውየው ሲመጣ አላውቀውም ልል ቆረጥኩ።

«አልማዜ፣ ብቻሽን ምን ትሠሪያለሽ?» አለችኝ።

«እግሬን ላሳርፍ ብዬ ነው።»

አስተናጋጇ ሁለት ሻይ ይዛ መጣች። «ማዘር፣ ይኸው፣ ጨውም አምጥቻለሁ።»

«አላዘዝኩም፣ ልጄ።»

«አሁን አዘዙኝ እኮ። ጨው ሲሉኝ እኔ ራሴ ሳቅኩ።»

ከሌላ ሰው ጋር ተምታቶባት ነው ብዬ ዞር ዞር ብዬ አየሁ፣ ግን ሌላ ተቀማጭ አልነበረም። ቀጥሎ ከባዶው ወንበር በኩል ሳቅ ሰማሁ፣ አጭር፣ መጨረሻው በአፍንጫ የሚወጣ ሳቅ። የእኔ ሳቅ ነው። አፌ ግን ተዘግቶ ነበር።

ዘይነባ ዞረች። «እንዲህ ስትስቂ ከሰማሁሽ ስንት ዘመኑ፣ ለኔም አካፍይኝ እንጂ» አለች።

ሰውየው ያኔ ገባ፣ ባርኔጣውን በእጁ ይዟል፣ ካልሲው ሁለት ዓይነት ነው። እንግዳ ሲመጣ ከመቀመጫ ብድግ ብሎ ኖር ማለት ያደግንበት ነው፣ እኔ ግን እንዳልነሳ ጉልበቴን በሁለት እጄ ጨምድጄ ያዝኩ።

ባዶው ወንበር ሲጥ አለ።

«ኖር» አለ ድምፄ ከዚያ።

«በእግዜር፣ ይቀመጡ፣ ይቀመጡ» አለ ሰውየው።

«ታውቂያቸዋለሽ እንዴ?» አለች ዘይነባ።

«አላውቃቸውም» አልኩ፣ ጮክ ብዬ፣ እሱም እንዲሰማ።

ዘይነባ አዎ የተባለች ይመስል ፈገግ አለች። «ታዲያ ይኼ ምን ያሳፍራል? እሰይ፣ ደስ ይበልሽ» አለች። ዓይኗ ግን እኔ ላይ አልነበረም፣ ወንበሩ ላይ ነው።

ሰውየው ከወንበሩ ፊት ለፊት ተቀመጠ። ወደ እኔ አንዴም አላየም። ሻዩ ላይ ጨው ነሰነሰ፣ ሁለተኛውን ብርጭቆ ወደ ባዶው ወንበር ገፋ አደረገው፣ «ከመምጣቴ በፊት መብራት ጠፋ፣ እኔም በቀን የምን እንቅልፍ ነው አልኩት» አለ። ያ በአፍንጫ የሚወጣ ሳቅ እንደገና ተሰማ፣ ዘይነባም አብራ ሳቀች፣ አስተናጋጇም እንደዚሁ።

ነጠላዬን አጣፍቼ ተነሣሁ። በዘይነባ አጠገብ ሳልፍ ትከሻዬ ትከሻዋን ነካው፣ አልዞረችም።

በሩን ከፍቼ ወጣሁ።