ከሐረጎ ገደል ሥር

ኢንስፔክተር ሳፊያ ሬሳ ፍለጋ ሐረጎ ገደል ስንት ጊዜ እንደወረደች መቁጠር ካቆመች ቆይታለች። የዛሬው ጁነይድ ነው፤ ከሚሄድ መኪና ውስጥ ሆኖ ድሮን እያበረረ የደጋን–ደሴን መንገድ ይቀርጽ የነበረ ወጣት። የድሮኗ መቆጣጠሪያ ተዘግቶ አጠገቡ ወድቋል። ድሮኗ ግን የለችም።

ሾፌሩ ሀዚም መንገድ ዳር ተቀምጦ ያለቅሳል።

«ወላሂ፣ ኮምቦልቻ ላይ ባትሪ ቀይሮ እንደገና አበረራት። እዚህ ስንደርስ በእጁ ሊቀበላት በመስኮት ወጣ ሲል አመለጠው። አብራው ገደል ገባች።»

ሳፊያ መኪናውን ዞረችው። የፊት መብራቱ ተሰብሯል።

«ይኼስ?»

«የቆየ ነው።»

የስብራቱ ጠርዝ ግን አቧራ እንኳ አልያዘም።

የሥራው ባለቤት ትህትና ደሴ ቢሮዋ ነበረች። ጠዋት ከሟቹ ጋር በስልክ መጨቃጨቋን አልደበቀችም።

«ደክሞኛል፣ ነገ ይሁን አለኝ። ጭጋግ ሳይወርድ ጨርስ ብዬ ጮህኩበት።»

«ድሮኗ ከመቆጣጠሪያው ጋር ያላት ግንኙነት ቢቋረጥ ምን ትሆናለች?»

«መጨረሻ ወደተነሳችበት ተመልሳ ታርፋለች።»

ሳፊያ ደጋን ፖሊስ ጣቢያ ደወለች። ከሰዓት በኋላ ሁሉንም ጣቢያ ሰበሰበቻቸው፤ የጁነይድ አባት ሐጂ ሙሄዲንም ደሴ ካለው ቧንቧ ውሃ ሰፈር መጡ። ድሮኗ ጠረጴዛው ላይ ነበረች፤ ጭረት እንኳ የላትም።

«ደጋን፣ ማሽላ ማሳ ዳር አርፋ ተገኘች» አለች ሳፊያ በዛለ ድምፅ። «ሀዚም፣ ኮምቦልቻ ላይ ተነስታ ቢሆን የምትመለሰው ኮምቦልቻ ነበር። ስለዚህ መቆጣጠሪያው የተዘጋው ደጋን አካባቢ ነው። ጁነይድ ድሮኗን አየር ላይ ትቶ አይዘጋም። መኪናው ውስጥ ደግሞ ሁለት ብቻ ነበራችሁ። ለምን ዘጋኸው? ዛሬ ጠዋት እዚያው ደጋን አንዲት ሴት ተገጭታ መኪናው አምልጧል። አስፋልቱ ላይ የቀረው ስብርባሪ ካንተ መብራት ጋር ይገጥማል። ድሮኗ ከላይ እያየችህ ነበር። የቀረጻ ካርዷን ገና አልከፈትኩም፤ ካንተ አፍ ልስማው።»

ሀዚም አቀረቀረ።

«እንመለስ፣ እናንሳት ብሎ ለመነኝ። ነጥቄ ዘጋሁበትና ነዳሁ። ሐረጎ ላይ አቁም፣ በእግሬም ቢሆን እመለሳለሁ ብሎ ወረደ። ለፖሊስ ይናገራል ብዬ ፈራሁ… ገፋሁት። መቆጣጠሪያውንም አስከትዬ ወረወርኩት።»

ትህትና ፊቷን ሸፈነች።

«ሴትየዋስ?» አሉ ሐጂ ሙሄዲን።

«በሕይወት አለች፣ ሐጂ። ኮምቦልቻ ሆስፒታል ተኝታለች። እርስዎ ግን አሁን ቤትዎ ገብተው…»

አዛውንቱ ግድግዳውን ተደግፈው ተነሱ።

«ውሰጂኝ፣ ልጄ። እሱ ሊመለስላት ነበር የፈለገው።»

ሳፊያ ቆማ መሄድ እንኳ ታክቷት ነበር። ቢሆንም የመኪናዋን ቁልፍ አነሳችና በሩን ከፈተችላቸው።