ከድቧ ጉድጓድ አጠገብ

ኔልዊታ በሩ ላይ ሰልፍ ይዛ ሳለ ስልኳ ኪሷ ውስጥ ነዘረ። የክፍሏ ልጅ ቬቢ ናት። «ስምንት ሰዓት ላይ በግቢው የኋላ በር እንጠብቅሻለን። ሞተሩ ላይ ቦታ ይዤልሻለሁ። ደግሞ ፋራ እንዳትሆኚ» ይላል መልእክቱ። ወንድሟ አፍዳል ከኋላዋ ቆሞ ስለነበር አንብባ ሳትጨርስ ስልኩን መልሳ ኪሷ ከተተችው።

የኢድ በዓል ካለፈ አምስተኛ ቀኑ ነው። ከተማው በሙሉ ልጆቹን ይዞ ኮረብታው ላይ ወዳለችው ትንሽ የአራዊት ግቢ የወጣ ይመስላል። እናቷ ሮስኒዳ እንደየዓመቱ ድርብርቡን ምሳ ዕቃ በጨርቅ ቋጥራ ይዛለች። ላይኛው ውስጥ በቀርከሃ የበሰለ ሩዝ አለ፤ ታችኞቹ ውስጥ ደግሞ ትናንት ቀኑን ሙሉ በኮኮናት ወተት ስታንተከትከው የዋለችው የሥጋ ወጥ፣ ሬንዳንግ። ምግቡ ለእነሱ አይደለም። ሁሉም በአክብሮት «ፓክ»፣ አባባ፣ ለሚላቸው ለአራዊት ጠባቂው ለፓክ ታርሚዚ ነው።

የነገሩን መነሻ ኔልዊታ በቃሏ ታውቀዋለች፤ ራሷ ግን አታስታውሰውም። የሦስት ዓመት ልጅ ሳለች፣ እናቷ ውሃ ልትገዛ ዞር ስትል ወንድሟ እጇን ለቀቃትና ድቧ ያለችበት ጉድጓድ ውስጥ ወደቀች። ፓክ ታርሚዚ ዘለው ገብተው አወጧት። እሷ ክንዷ ከመጫሩ በቀር ምንም አልሆነችም። የእሳቸው ግራ እጅ ግን ከዚያን ቀን ወዲህ እንደ ልብ አይታጠፍም። ይኸው አሥራ አንድ ዓመት፣ በዓል ባለፈ ቁጥር እናቷ ምግብ ሠርታ ትመጣለች፤ ኔልዊታም ፊታቸው ቆማ «አላህ ይስጥልኝ ፓክ» ትላለች። ልጅ እያለች ደስ ይላት ነበር፤ ዝሆን ታያለች፣ በረዶ ትበላለች። አሁን አሥራ አራት ዓመቷ ነው። ለማታስታውሰው ነገር በየዓመቱ በሰው ፊት ማመስገን እያሳፈራት መጥቷል።

ዛሬ ደግሞ የክፍሏ ልጆች ወደ ፏፏቴው ሊሄዱ ነው። አባቷ ጃካርታ ምግብ ቤት ስለሚሠራ፣ ቤት ውስጥ እሺም እምቢም የሚለው አፍዳል ሆኗል። ስታስፈቅደው ገና «ሞተር» የሚለውን ቃል ሲሰማ «አይሆንም» አለ። ሁሌም እንዲህ ነው። ገና አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ቢሆንም እንደ ስልሳ ዓመት ሽማግሌ ይሰጋል። መንገድ ሲያሻግራት ክርኗን ይይዛል፤ ትምህርት ቤት በር ድረስ ይሸኛታል። ጓደኞቿ «ዘበኛሽ መጣ» እያሉ ይስቁባታል። ስለዚህ ኔልዊታ ዕቅድ አውጥታለች። ሽንት ቤት ብላ በግቢው የኋላ በር መውጣት፣ ከዚያ «የክፍሌን ልጅ አግኝቼ እነሱ ቤት ሄድኩ» ብሎ መልእክት መላክ፣ በቃ።

ፓክ ታርሚዚን ጉድጓዱ አጠገብ ፓፓያ ሲቆርጡ አገኟቸው። ግንቡ ከዚያን ጊዜ ወዲህ እስከ ደረት ከፍ ተደርጓል፤ ከላዩም የሽቦ አጥር አለ። ሮስኒዳ ምሳ ዕቃውን ስትሰጣቸው፣ በሚመጣው ሳምንት ጡረታ እንደሚወጡና ልጃቸው ጋ ወደ ባሕሩ ዳር እንደሚሄዱ ነገሯት። ሮስኒዳ በሻርፗ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። ከዚያ እንግዲያው ዛሬስ ሳይበሉ አይለዩንም ብላ፣ ምንጣፍ ሊያነጥፉ አፍዳልን አስከትላ ወደ ዛፉ ጥላ ሄደች። ኔልዊታ የፓፓያውን ሳፋ ይዛ እንድታግዛቸው ቀረች።

ስምንት ሰዓት ሊሞላ ሩብ ጉዳይ ነው። እጃቸውን ያማቸው እንደሆነ ጠየቀቻቸው። ዝናብ ሊመጣ ሲል ብቻ ይነግረኛል አሏት እየሳቁ። በሽቦው ክፍተት ወደ ታች አንድ ቁራጭ ሲወረውሩ፣ ደረቷ ላይ ቢጫ ክብ ያለባት ያረጀች ድብ ቀስ ብላ መጥታ አነሳችው።

«አይቀየሟትም?» አለች ኔልዊታ።

«ምን ብዬ? ያኔ ግልገል ነበራት። ልጇ አጠገብ ባዕድ ወደቀባት። እኔም እሷም ያን ቀን አንድ ሥራ ላይ ነበርን።» ቢላውን ጠራረጉ። «ወንድምሽ ግን ጎረመሰ።»

«ጎረመሰ እንጂ። ያኔ ስለለቀቀኝ አሁን አልለቅ ብሎኛል።»

ፓክ ታርሚዚ መቁረጣቸውን አቆሙ። «ለቀቀሽ ያለሽ ማነው?»

«እሱ ራሱ ነዋ። ለእማዬ እንደዚያ ነው የነገራት።»

ሽማግሌው ወደ ዛፉ ጥላ፣ ምንጣፉን ወደሚያነጥፈው ልጅ ተመለከቱ። «እኔ እዚያ የወፎቹ ቤት ጋ ቆሜ ነበር፤ በዓይኔ ነው ያየሁት። አለቀቀሽም። ነክሰሽው ነው ያመለጥሽው። ስትወድቂ እንደ ሌላው ሰው አልጮኸም። ግንቡ ላይ ወጣ፤ አንድ እግሩ ወደ ውስጥ አልፎ ነበር። በሸሚዙ ይዤ ወደ ኋላ ጣልኩትና ገባሁ። ሁለት ትንፋሽ ብዘገይ ኖሮ፣ የማወጣው ሁለት ልጅ ነበር፤ ማውጣት ከቻልኩ።»

የቀረውን ፓፓያ እየቆረጡ ነገሯት። ያ የስምንት ዓመት ልጅ ለአንድ ዓመት ያህል በየዓርቡ ከመስጊድ ሲወጣ ብቻውን ኮረብታውን እየወጣ ይመጣ ነበር። የተጠበሰ ሙዝ በወረቀት ጠቅልሎ ይሰጣቸውና ዛሬስ ይታጠፋል ወይ ብሎ ይጠይቃቸዋል። ጣታቸውን እስከሚችሉት ያጥፉለታል። እሱም አይቶ ይሄዳል። ለማንም እንዳይናገሩ አስምሏቸው ነበር፤ እሳቸውም እስከዛሬ ጠብቀውታል።

ኔልዊታ ለምን ለቀቅኳት ብሎ እንደዋሸ ጠየቀቻቸው። እሱን ራሱን ብትጠይቂው ይሻላል አሏት፤ ብቻ አንቺ እያለቀስሽ እናትሽ የማን ጥፋት ነው ስትል አንዱ መልስ መስጠት ነበረበት።

ኔልዊታ ለዓመታት በቃሏ የያዘችው ምስጋና ጠፋባት። ሁልጊዜ ቀኝ እጃቸውን ነበር የምትስመው። አሁን ግራ እጃቸውን በሁለት እጇ አነሳች፤ ጣቶቹ ደረቅና ጠማማ ናቸው። ግንባሯ ላይ አድርጋ ቆየች። ፓክ ታርሚዚም አላስቸኮሏትም።

ስልኩ ነዘረ። «የት ነሽ? ስምንት አለፈ እኮ!»

«አልመጣም፤ ሂዱ» ብላ ጻፈች።

«ዘበኛሽ ያዘሽ አይደል?»

ትንሽ አሰበች። «አልያዘኝም። ራሴ ነኝ የቀረሁት» ብላ መለሰችና ስልኩን አጠፋችው።

ምሳው ረጅም ነበር። ፓክ ታርሚዚ ሦስት ጊዜ ጨመሩ፤ እናቷም በልቅሶ የጀመረችውን ቀን በሳቅ ጨረሰችው። አፍዳል እጁን ሊታጠብ ወደ ቧንቧው ሲሄድ ኔልዊታ ተከተለችው።

«ኡዳ፣ ይቅርታ» አለችው፣ ታላቅ ወንድም በሚጠራበት ስም።

«ምን አጠፋሽ?»

«ስለነከስኩህ።»

አፍዳል መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው ጆሮው ሥሩ ድረስ ቀላ። ዞሮ ጥላው ሥር የተቀመጡትን ሰው ተመለከተ። «እኚህ ሽማግሌ!» አለ ቀስ ብሎ። «ትንሽ ልጅ ነበርሽ። ምን ታውቂያለሽ?»

«አንተም ትንሽ ልጅ ነበርክ።»

ኔልዊታ ቀጠለች። «ሌላም አለ። ዛሬ ዋሽቼህ ልጠፋ ነበር፤ ወደ ፏፏቴው። አልሄድኩም። ግን አሁንም መሄድ እፈልጋለሁ። ሌላ ቀን፣ ሳልዋሽህ።»

ይቆጣል ብላ ጠበቀች። አፍዳል ቧንቧውን ዘጋ፤ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ፤ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ አሰበ።

«ዋና አትችዪም» አለ በመጨረሻ።

«አንተስ ትችላለህ?»

«እኔም አልችልም።»

ኔልዊታ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። እሱም ላለመሳቅ ቢታገልም ከንፈሩ አልታዘዘውም።

«የከተማው መዋኛ ጠዋት ጠዋት ሰው የለበትም ይላሉ» አለ። «ሁለታችንም እንመዝገብ። ከቻልን በኋላ ስለ ፏፏቴው እናወራለን። ሞተሩን ግን...»

«ሞተር አላነሳሁም» አለች ኔልዊታ። «ቅዳሜ ይመችሃል?»

«ቅዳሜ ይመቸኛል።»