ያልሞቀው ማሽን

መርማሪዋ በሩን ስትከፍት ሙቀቱ ፊቷን ገረፋት። አስከሬኑ በሁለት የማሽን መደርደሪያዎች መካከል በጎኑ ተጋድሟል፤ ከጆሮው ኋላ የፈሰሰው ደም ደርቋል። ማቀዝቀዣው ጠፍቷል። ማሽኖቹ ሰው የሞተበት ክፍል መሆኑን ሳያውቁ ያጉረመርማሉ። ግድግዳው ላይ ባለው ስክሪን የጨረሱት ምስል አንድ በአንድ ይወጣል፤ ሁሉም ጥቁር ነው።

ሟቹ የአኒሜሽን ትምህርት ቤቱ የሬንደር ክፍል ኃላፊ ነበር። ተማሪዎች በኮምፒውተር ያዘጋጁት ትዕይንት ፊልም የሚሆነው እዚህ ነው፤ የጋራ ማሽኖቹ ሥራውን ተካፍለው ፍሬም በፍሬም፣ ማለትም ምስል በምስል፣ ያወጡታል። ተራ የሚሰጠው እሱ ስለነበር ተማሪዎቹ «ጋሽ ወረፋ» ይሉታል።

«ገላው ገና ትኩስ ነው» አለች ሐኪሟ። «ከምሳ በኋላ የሞተ ይመስላል። መንጋጋው ግን ደርቋል፤ ያ ደግሞ ሰዓታት ይፈጃል። እሱ አልገባኝም።»

መርማሪዋ ወደ ማሽኖቹ ዞረች። መዳፏን ከየማሽኑ ኋላ እያስጠጋች አለፈች። ሁሉም እንደ ምድጃ ይተነፍሳሉ። ጥግ ላይ ያለው ብቻ፣ መብራቱ በርቶ ሳለ፣ ትንፋሽ የለውም።

ኮሪደሩ ላይ የሟች እህት ግድግዳ ተደግፋ ቁጭ ብላለች። ልጇ እዚሁ ተማሪ ነው። ከምሳ በኋላ ሁሉም ፊልም ሊያይ አዳራሽ ሲቀመጥ አቋርጦ የወጣው እሱ ብቻ ነበር፤ ትናንት ደግሞ ከአጎቱ ጋር ሰው ፊት ተጨቃጭቋል። ፖሊሶቹ ካቴናውን አዘጋጅተው ይጠብቃሉ።

«ወንድሜን ቀብሬ ስመለስ ልጄን እስር ቤት ልጠይቅ?» አለች እህት። «ተይ፣ የእኔ እመቤት።»

መርማሪዋ ልጁን ባዶ ክፍል ውስጥ አስቀመጠችው።

«ለምን ተጣላችሁ?»

«ፊልሜን ወረፋው መጨረሻ ላይ ጣለው። ‹የእህቴ ልጅ ስለሆንክ ነው› አለኝ። ሌላው በዘመድ ይቀድማል፣ እኔ በዘመድ ወደ ኋላ!» ሊስቅ ሞከረና ድምፁ ተሰበረ።

«ከአዳራሹስ ለምን ወጣህ?»

«የሰው ፊልም አልቆ እያየሁ መቀመጥ አቃተኝ። ደጅ ብቻዬን ቆሜ ነበር። ያየኝ የለም።»

«ዛሬ አጎትህን አግኝተኸው ነበር?»

«ጠዋት፣ ሰካራሙን ስንመልስ።»

ሰካራሙ ማን እንደሆነ የነገረቻት አስከሬኑን ያገኘችው ተማሪ ናት። ጓደኞቿ ቅመም ይሏታል፤ እያለቀሰችም አፏ አያርፍም።

«ጥግ ያለው ማሽን ነው፣ እትዬ። የሚያወጣው ምስል ሁሉ ነጠብጣብ በነጠብጣብ ስለሆነ ሰካራሙ አልነው። ሥራ ስንልክ እሱን አስቀርተን ነው፤ እጃችን ለምዶታል። ዛሬ ጠዋት ግን ጋሼ ጠግኖት እሱ፣ የእህቱ ልጅና እኔ መልሰን ገጠምነው። ‹ከእንግዲህ ንስሐ ገብቷል፣ እንዳታስቀሩት› ብሎ አሳቀን።»

«ሌላ የሰማ አለ?»

«ከሦስታችን በቀር ማንም አልነበረም።»

«ጥቁሩን ሥራ ማን ላከው?»

«በጋሼ ስም ነው የተላከው። ግን ጋሼ መጀመሪያ አንድ ፍሬም አውጥቶ ሳያይ ሙሉ ሥራ አይለቅም! በዚህ ነው የሚያማርረን።»

«ጥቁር ምስል ማብራት ይቻላል?»

ቅመም ቀና አለች። «ትንሽ ብርሃን ካለው ይቻላል።»

ዋና መምህሩ ቢሮው ውስጥ እጁን አጣምሮ ጠበቃት። ረፋድ ላይ መግባቱን፣ ሟቹን ዛሬ አለማየቱን፣ ከምሳ በኋላ ከአዳራሹ አለመነቃነቁን ሳይጠየቅ ነገራት።

«ልጁ ቁጡ ነው፤ ያሳዝናል» አለ።

«ማሽኖቹ ሁሉ ይሠራሉ?»

«ከአንዱ በቀር። ጥጉ ላይ ያለው ከተበላሸ ቆይቷል።»

«በኃላፊው ስም መግባት የሚችለውስ?»

«እኔ። የእህቱም ልጅ የይለፍ ቃሉን ያውቃል።»

አስከሬኑ ሲወጣ መርማሪዋ ሁሉንም ማሽኖቹ መካከል ሰበሰበቻቸው። ሙቀቱ እንዳለ ነው፤ ስክሪኑም ጥቁሩን መደርደሩን አላቆመም።

«ገላው ትኩስ የነበረው ክፍሉ ምድጃ ስለሆነ ነው። እውነቱን የተናገረው የደረቀው መንጋጋ ነው፤ የሞተው ከምሳ በፊት ነው። ገዳዩ ማቀዝቀዣውን አጥፍቶ ማሽኖቹን በከባድ ሥራ ጠመዳቸው። ሬሳው እንዳይቀዘቅዝ።»

«ለምን?» አለች እህት።

«ከምሳ በኋላ የሞተ እንዲመስል። ያኔ ገዳዩ አዳራሽ ውስጥ ሰው መካከል ተቀምጧል። ልጅዎ መውጣቱ ያልታሰበ ሲሳይ ሆነለት።»

መዳፏን ጥጉ ላይ ባለው ማሽን ላይ አሳረፈች። «ይህ ግን አልሞቀም። ሥራውን የላከው ሰው እንደ ልማዱ ሰካራሙን አስቀርቶታል፤ መጠገኑን አያውቅማ። ሟቹ በገዛ እጁ ጠግኖታል። ሁለቱ ልጆች አብረውት ነበሩ።»

መምህሩ ፈገግ አለ። «ልጁ ሆን ብሎ አስቀርቶት ቢሆንስ?»

«የተዛባው ሰዓት አዳራሽ ለተቀመጠ ከለላ ነው፤ ለወጣ ግን ገመድ። ለራሱ ገመድ የሚገምድ አላየሁም። ቅመም፣ አሳዪን።»

ቅመም አንዱን ጥቁር ምስል ከፍታ ብርሃኑን ቀስ በቀስ ከፍ አደረገችው። ከጨለማው ውስጥ መጀመሪያ አንገት፣ ቀጥሎ ትከሻ የመሰለ ነገር ወጣ። እህት ጮኸች። ሰው አልነበረም፤ የሽቶ ጠርሙስ ነው።

«ይሄ የተማሪ ፊልም አይደለም» አለች ቅመም። «ማስታወቂያ ነው።»

የሟች የእህት ልጅ ወደ መምህሩ ዞረ። «እኛ ተራ ስንጠብቅ ማሽኖቹ የሚሠሩት ይሄን ነበር?»

መምህሩ ወደ ስክሪኑ ተጠጋ። «ምን እንደሆነ እንዳይታወቅ ማስታወቂያው ውስጥ ያሉትን መብራቶች ሁሉ ያጠፋሁ መስሎኝ ነበር» አለ። «‹በልጆቹ ማሽን የግል ማስታወቂያ እንደሚሠሩ ራስዎ ይንገሯቸው፤ አለዚያ እኔ እነግራቸዋለሁ› አለኝ። ገፋሁት። መደርደሪያው ጠርዝ ላይ… ወዲያው አልሞተም ነበር።»

«ሐኪም መጥራት ሲችሉ ሥራ ላኩ» አለች መርማሪዋ።

ካቴናው መምህሩ እጅ ላይ ገባ። እህት ልጇን አንገቱ ላይ ተጠምጥማ አልለቅ አለች።

ቅመም ጥቁሩን ሥራ አቆመችው። ማሽኖቹ አንድ በአንድ ዝም አሉ፤ ማቀዝቀዣው ተነሣ።

«ሁሉም ባዶ ነው» አለችው ለልጁ በለሆሳስ። «የአንተን ላስቀድመው?»

ልጁ የአጎቱን ወንበር አየ። «የማን ተራ ነው?»

«የኔ።»

«እንግዲያው ያንቺን ላኪ።» ዓይኑን ጠረገ። «መጀመሪያ ግን አንድ ፍሬም።»

ጥጉ ላይ ሰካራሙ መተንፈስ ጀመረ።