ባዶው ወንበር የሳበው ሲባጎ

ጠጋ ጠጋ በሉ። ኩራዙን ቀነስ አድርጉት፤ ፊቴን ማየት አያስፈልጋችሁም፣ ጆሮ ይበቃል። እኔ ስናገር እናንተ «እህ» በሉ። «እህ» የሚለኝ ካጣሁ አቆማለሁ።

ጊዜው ድሮ ነው። ወሩ ነሐሴ፣ ሰዓቱ ከቀኑ አሥር። መንገዱ ከቆላ ተነስቶ ተራራውን እየተጠማዘዘ የሚወጣ መንገድ ነው። ጫፉ ላይ ቤት የለም። ከብት የሚያሰማራ የለም። በግራ ገደል፣ በቀኝ ገደል። በዚያ መንገድ አንድ አሮጌ የጭነት መኪና ይወጣል። ጨው ጭኗል። ውስጡ ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው። ስሙ ይመር ይባላል።

ለምን ብቻውን ሆነ? የጭነት መኪና ያለ ረዳት ይሄዳል? አይሄድም። ግን ከይመር ጎን የሚቀመጥ ሰው ጠፍቶ ነበር። «ሚስቱን የገደለ» ይሉታል። በዚያው መኪና፣ በዚያው ተራራ።

ስለ ቆላና ስለ ደጋ ትንሽ ልንገራችሁ፤ አለዚያ ነገሩ አይገባችሁም። ቆላ ላይ የመኪና መስታወት ጠላቱ አቧራና ፀሐይ ነው። የዝናብ መጥረጊያው ጎማ በፀሐይ ይለሰልስና መስታወቱ ላይ ይጣበቃል፤ ሲያላቅቁት ይቦጨቃል። ለዚህ ነው የቆላ ሾፌር መኪናውን ሲያቆም መጥረጊያውን እንደ አንበጣ እግር ከመስታወቱ አንስቶ የሚያቆመው። ደጋ ላይ ጠላቱ ጉምና በረዶ ነው። ቆላ የተቃጠለው ጎማ ደጋ ሲወጣ እንደ ቁርበት ይደርቃል። ውሃውን አይጠርገውም፣ ይቀባዋል። አንድ መስታወት፣ በአንድ ቀን፣ ሁለት አገር።

የይመር መኪና የጭነት ማኅበር ነው፤ የማኅበሩ ሥራ አስኪያጅ ግን ቢሮው ቆላ ነበር። «እዚህ ዝናብ የት አለና ነው መጥረጊያ የምትሉት?» አለ። የመጥረጊያዎቹን ሞተር ከየመኪናው እያስፈታ ሸጠ። «ደጋስ?» ሲሉት፣ «ደጋውን ለፈጣሪ ተዉት» አለ።

ሾፌሮቹ ምን አደረጉ? ሲባጎ አሰሩ። መጥረጊያው ላይ ሁለት ሲባጎ ይታሰራል። አንዱ በሾፌሩ መስኮት ይገባል፣ ሌላው በወዲያኛው መስኮት። ሾፌሩ ሲስብ መጥረጊያው ወደ እሱ ይመጣል። ጎኑ ያለው ሰው ሲስብ ይመለሳል። ሳብ፣ መልስ። ሳብ፣ መልስ። ልብ በሉ፣ ሥራው የሁለት ሰው ነው። ብቻውን የሆነ አንዴ ይስባል። ከዚያ ማን ይመልስለታል?

ለይመር የምትመልስለት ሚስቱ ጦይባ ነበረች። አባቷ ከተራራው ማዶ ስለሚኖሩ፣ እሳቸውን ልትጠይቅ አብራው ትወጣለች። «ኧረ ሳብ፤ በሬ ነው እንዴ የምትነዳው?» ትለዋለች። ችኩል ነበረች። እሱ ስቦ ሳይጨርስ እሷ ትስባለች። መጥረጊያው መሃል ላይ ይንቀጠቀጣል፣ ሁለቱም ይስቃሉ።

አንድ ነሐሴ በረዶ ጣለ። መስታወቱ ነጭ ሆነ። መኪናው ከመንገድ ወጣ። ጦይባ ሞተች።

ይመር የነቃው ሐኪም ቤት ነው። ያን ነጭ መስታወት ያስታውሳል። ከዚያ ወዲያ የሚያስታውሰው የለም።

ፖሊስ መኪናውን ሊመረምር መጣ። ምን ያገኘ ይመስላችኋል? የመጥረጊያ ሞተር። ሥራ አስኪያጁ ፖሊስ ሳይደርስ ሲባጎውን አስፈትቶ ሞተሩን አስገጥሞታል። ሲያዞሩት መጥረጊያው ይሠራል። «መጥረጊያው ደህና ከሆነ ሾፌሩ ተኝቶ ነበር ማለት ነው» ተባለ። ሥራ አስኪያጁ ምሎ መሰከረ፤ ሾፌሮቹ እንጀራቸውን ፈርተው አልመሰከሩም። ይመር ታሰረ። የጦይባ አባት፣ አባ ሙሄ፣ ይመር ለይቅርታ የላካቸውን ሽማግሌዎች ከደጅ መለሷቸው።

ይመር ሲፈታ መኪናው ተቀጥቅጦ፣ ተቃንቶ ቆሟል። ሌላ ሾፌር አልነካም ስላለ ለእሱ ሰጡት። የመጥረጊያው ሞተርስ? ሞተሩማ ተመልሶ ተፈታ።

የበደል ክፋቱ ምኑ ላይ ነው? እስሩ ላይ ነው? አይደለም። ውሸቱን ደጋግመው ሲነግሩት የኖረ ሰው አንድ ቀን ራሱን ይጠረጥራል። ይመርም ጠረጠረ። «ተኝቼ ነበር እንዴ?» ይላል ማታ። «ተኝቼ ነበር እንዴ?» ይላል ጠዋት። ይህን የምታውቅ አንዲት ሰው ብቻ ነበረች። እሷ ደግሞ አፈር ውስጥ ናት።

«እህ» በሉኝ እንጂ።

እና መጀመሪያ ባልኳችሁ በዚያ የነሐሴ ቀን ይመር ብቻውን ይወጣል። የሚመልስለት ሰው ስለሌለ መጥረጊያው ላይ የካላማዳሪ፣ የመኪና ጎማ የውስጥ ላስቲክ፣ ቁራጭ አስሯል። እሱ ሲስብ ላስቲኩ ይለጠጣል፤ ሲለቅ ላስቲኩ ይመልሳል። ቆላ ላይ ሞክሮት ሠርቷል። በጦይባ በኩል የነበረውን ሲባጎ ግን መተው አልሆነለትም፤ እንደ ድሮው አስሮታል። በወዲያኛው መስኮት ገብቶ ባዶው ወንበር ላይ እንደተንጠለጠለ ነው።

ጫፉ ላይ ሲደርስ ጉሙ ወረደ። ዝናቡ መጣ። ብርዱ ላስቲኩን አደረቀው። ላስቲኩ ተበጠሰ።

ይመር ሳበ። መጥረጊያው መጣ። እዚያው ቀረ። መስታወቱ ነጭ ሆነ። መቆም እንኳ አይችልም፤ ፍሬኑ ያን ሁሉ ጨው ዳገት ላይ አይዝም።

ከዚያ መጥረጊያው ተመለሰ።

«ነፋስ ነው» አለ ይመር።

ሳበ። ተመለሰ።

«ነፋስ ነው» አለ።

ደግሞ ሳበ። ስቦ ሳይጨርስ ከወዲያ ተሳበበት። መጥረጊያው መሃል ላይ ተንቀጠቀጠ።

ነፋስ ይቸኩላል? እስቲ ንገሩኝ፣ ነፋስ ይቸኩላል?

ይመር ዓይኑን ከመንገዱ አላነሳም። በዓይኑ ጠርዝ ግን አየ። ያ የተንጠለጠለው ሲባጎ ተወጥሯል። ቀጥሎ በወዲያኛው በኩል መስታወቱ ከውስጥ በትንፋሽ ደመነ። ቀጥሎ ከወንበሩ ላይ ውሃ ይንጠባጠብ ጀመር። ቀጥሎ ጣቶች አየ። ጥፍራቸው ጠቁሯል። ሲባጎውን ጨምድደው ይዘዋል።

«ሳብ» አለችው።

ሳበ። እንባው እየወረደ ሳበ። ከብዙ ኩርባ በኋላ ጠየቃት።

«ጦይባ፣ ተኝቼ ነበር?»

መለሰችለት። ድምፅዋ ከሩቅ የሚመጣ ነበር።

«አልተኛህም። እኔ ነኝ የለቀቅሁት። እጄ ደነዘዘ፣ ብብቴ ውስጥ ላሞቀው ብዬ ለቀቅሁት።»

ያን ሁሉ ዘመን እሱ «እኔ ነኝ» ይላል። ያን ሁሉ ዘመን እሷም እዚያ ብርድ ላይ ሆና «እኔ ነኝ» ትላለች። ጥፋተኛው ሥራ አስኪያጅ ቆላ ተቀምጦ በማራገቢያ ይናፈሳል።

«አንቺ አይደለሽም» አላት። «አንቺ አይደለሽም።»

«ሳብ» አለችው። አላመነችውም።

ከተራራው ማዶ ዝናብ የለም። ደመናው ጫፉ ላይ ይቀራል፤ ወዲያ ማዶ ፀሐይ ነው። መኪናው ቁልቁለቱን ወረደ። መስታወቱ ደረቀ። ይመር ግን መሳቡን አላቆመም። ጎማው አልቆ የተራቆተው የመጥረጊያው ብረት ደረቁን መስታወት እየቧጨረ፣ ሲጢጥ እያለ ይሄዳል፣ ይመለሳል። እንዲህ እየሆነ መንደር ገባ፤ መኪናውን አቆመ፣ እጁ ግን ይስባል።

አባ ሙሄ ከሽማግሌዎች ጋር መስጊዱ ደጃፍ ተቀምጠው ነበር።

«አብዷል» አለ አንዱ ሽማግሌ።

«ጨው ያሳብዳል እንዴ?» አለ ሌላው።

አባ ሙሄ ተነሱ። ከቀብሩ ወዲህ ስሙን ጠርተውት አያውቁም።

«ይመር፣ ፀሐይ ነው እኮ። ምን ትጠርጋለህ?»

«ካቆምኩ ትሄዳለች፣ አባባ።»

አባ ሙሄ ዞረው ወደ ወዲያኛው መስኮት ሄዱ። ወንበሩ ላይ ሰው የለም። ሲባጎው ግን ጥጃ እንደሚጎትተው ገመድ ተወጥሯል። ነኩት። በዚያ ፀሐይ እርጥብ ነው። እንደ በረዶ ይቀዘቅዛል።

«ምን ትላለች?» አሉ ቀስ ብለው።

«አልተኛህም አለችኝ። እኔ ለቀቅሁ፣ እጄ ደንዝዞ ነው ትላለች። ጥፋቱ ያንቺ አይደለም ብላት አታምነኝም። እርስዎ ይንገሯት።»

አባ ሙሄ ራሳቸውን በመስኮቱ አስገቡ። ሲባጎውን በመዳፋቸው ያዙ።

«ጦይባ» አሉ። «እጅሽን ያደነዘዘው ብርድ ነው። ብርድ የነካው እጅ ኃጢአት የለበትም። ልቀቂ እናቴ። ይበቃሻል፣ ልቀቂ።»

ሲባጎው ረገበ።

ይመር ሳበ። መጥረጊያው መጣ። ጠበቀ። አልተመለሰም።

አባ ሙሄ መጥተው በእሱ በኩል ቆሙ። «በድዬሃለሁ፣ ልጄ» አሉት። ይመር አልሰማቸውም። መጥረጊያውን ያያል። እውነቱን አገኘ፤ ሚስቱን ግን ሁለተኛ ቀበረ። ያን እውነትስ የት ይወስደዋል? የሙት ምስክርነት የሚቀበል ዳኛ የት አለ?

ሥራ አስኪያጁ ምን ሆነ ትሉኝ ይሆናል። ተሾመ። ከተማ ገባ። ራስ ምታት እንኳ አልያዘውም። ጅኒም ዘወር ብሎ አላየውም። እኔ በዚህ ታሪክ ውስጥ የምፈራው እሱን ነው።

ይመር ከዚያ ወዲህ ክረምት በገባ ቁጥር ባዶ መኪናውን ይዞ ተራራው ጫፍ ይወጣል። ሲባጎውን ያስራል። ይስባል። ይጠብቃል። ማንም አይመልስለትም። በአንዱ ነሐሴ እዚያው እንደተቀመጠ ሞቶ አገኙት። ሲባጎው እጁ ላይ ነበር።

እንግዲህ ስሙኝ። በዚያ ተራራ በዝናብ ቀን ብቻችሁን አትለፉ። ብታልፉ ጉሙ ውስጥ የቆመ አሮጌ መኪና ታያላችሁ። አንድ ሰው በመስኮቱ አንገቱን ያወጣል። ጨዋ ሰው ነው፣ ድምፁ ያሳዝናል። «ብቻህን ነህ? ና፣ በወዲያ በኩል ያዝልኝ» ይላችኋል።

ልባችሁ ይራራል፤ ግን አትያዙ። ጦይባን ልቀቂ የሚሏት አባት ነበሯት። እናንተን እዚያ ጉም ውስጥ፣ ማን መጥቶ ልቀቁ ይላችኋል?