ከብርድ ልብሱ በላይ

አብረዋቸው የሚጓዙት «ሙዜ»፣ ሽማግሌው፣ የሚሏቸው ማሲንዴ በአውሮፕላኑ መስኮት ጥግ፣ ብርድ ልብሳቸውን እስከ አገጫቸው ተከናንበው፣ ቀበቶው ከብርድ ልብሱ በላይ ታስሮ፣ ሞተው ተገኙ። ያገኘቻቸው በመካከለኛው ወንበር የነበረችው ኔሊማ ናት። ያበጠ እግሯን ልታፍታታ ወደ አውሮፕላኑ ጭራ ሄዳ ቆይታ ስትመለስ «ሙዜ፣ እስቲ ጉልበትዎን ሰብሰብ ያድርጉልኝ» አለች። ነካቻቸው። ከዚያ ለዝማሬ ውድድሩ ስትቆጥበው የከረመችውን ድምፅ ሁሉ በአንድ ጩኸት ጨረሰችው።

በመተላለፊያው በኩል የተቀመጠችው ናኩሚቻ ከከባድ እንቅልፍ ባነነች። አፏ መሯታል። ድመት ጣራ ላይ ስትራመድ የምትነቃ ጡረተኛ የፖሊስ መርማሪ፣ የምግቡ ጋሪ ጉልበቷን ታክኮ ሲያልፍ እንኳ አለመስማቷ ገረማት።

ከኬንያ፣ ከቡንጎማ የተነሡት አምስት ዘማሪዎች ነበሩ። መሪውና የዜማዎቹ ደራሲ ማሲንዴ፣ ቀጭን ድምፅ ያላት ኔሊማ፣ ወፍራም ድምፅ ያለው ዋማልዋ፣ ናኩሚቻ ራሷ፣ እና ምክትል መሪው ሲቱማ። ሲቱማ የናኩሚቻ ሟች ወንድም ልጅ ነው፤ ከጡት ሳይወርድ ተቀብላ ያሳደገችው እሷ ናት፤ ሌላ ልጅ የላትም። ወደ ሴኡል ለዝማሬ ውድድር ሲሄዱ አምስቱም አውሮፕላን ሲሳፈሩ የመጀመሪያቸው ነው። ሊነሡ ሲሉ ሲቱማ በቋንቋቸው አክስቴ ሲል «ሰንጌ፣ ይቺን ቀበቶ እሰሪልኝ፣ አልገባኝም» ብሏት፣ አክስቱ እንደ ሕፃን አስራለት ሁሉም ስቀውበት ነበር።

ከተሳፋሪዎች መካከል አንድ ሐኪም ተገኘ። አየት አደረጋቸውና «ልባቸው ይመስለኛል። በዚህ ዕድሜ ይህን ያህል ተቀምጦ መሄድ ከባድ ነው» አለ። ካፒቴኑም ከውቅያኖስ በላይ ስለሆኑ ጉዞው እንደሚቀጥል አስነገረ። አውሮፕላኑ ጢም ብሎ ስለሞላ አስከሬኑ እዚያው ወንበሩ ላይ እንዲቆይ ተደረገ። ውጭው ጠራራ ፀሐይ ነው፤ መስኮቶቹ ግን ለእንቅልፍ ተብለው ተዘግተዋል።

ነገሩ እዚህ ላይ ሊያበቃ ይችል ነበር። ናኩሚቻ ግን ዐይኗ ቀበቶው ላይ ተተክሎ ቀረ። አስተናጋጇን ጠራቻት።

«ልጄ፣ ሽማግሌውን እንዲህ ያሰርሻቸው አንቺ ነሽ?»

«አይደለሁም እናቴ። ከብርድ ልብሱ በላይ ታስሮ ሳይ ዝም ብዬ አለፍኳቸው። አትቀስቅሱኝ ማለት እኮ ነው። ከሥር ሲሆን ታስሯል አልታሰረም ብለን መቀስቀስ አለብን። ብዙ የተጓዘ ሰው ያውቃታል። እርስዎም እንደዚያው ስለነበሩ ነው ምግቡን ያለፍኩዎት፣ ይቅርታ።»

«እኔም?»

ወደ ጭኗ ተመለከተች። ቀበቶዋ ከብርድ ልብሱ በላይ ነው። እሷ ግን በገዛ እጇ ከሥር አስራው ነበር።

ሐኪሙን መልሳ አስጠራችውና «የዐይናቸውን ሽፋን ገልብጠህ እይልኝ» አለችው። ገለበጠው። ከውስጥ ደቃቃ ቀያይ ነጠብጣቦች ታዩ።

«እርስዎ ምንድን ነዎት?» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ጡረተኛ ነኝ። ጡረታ የወጣው ግን ጉልበቴ እንጂ ዐይኔ አይደለም። ታፍነዋል፣ አይደለም?»

«ሊሆን ይችላል። ግን ይህ ብቻውን አያረጋግጥም። እርስዎ ካልገፉበት ልብ ነው ብዬ እዘጋዋለሁ።»

«ትንሽ ታገሠኝ» አለችው።

አንድ በአንድ በአውሮፕላኑ ጭራ ወዳለው፣ በመጋረጃ ወደተከለለው ምግብ ማዘጋጃ እየወሰደች አነጋገረቻቸው። መጀመሪያ ኔሊማን።

«ሙዜ ብቻሽን የምትዘምሪውን ነጥቀው ለሌላ ሰጥተውብሻል፣ አኩርፈሻል አሉ።»

«አኩርፌያለሁ፤ ታዲያ ይሄ ሰው ያስገድላል? እዚሁ ቆሜ እግሬን ሳሽ ነበር፣ አስተናጋጆቹን ጠይቂ።»

«ስትመለሺ ያንን ቀበቶ ስታዪ ምን መሰለሽ?»

«ምን ይመስለኛል፣ የፈሩ ነዋ! ከሥራችን መሬት የለ! እኔም ጥርሴን ነክሼ ነው የተቀመጥኩት።»

ቀጥሎ ዋማልዋ መጣ። ናይሮቢ አውሮፕላን ማረፊያ ከማሲንዴ ጋር ሰው እስኪያያቸው የተጨቃጨቀ ነው።

«በይ፣ አንተ ነህ በይኝ» አለ እጁን ዘርግቶ።

«በአጠገባቸው አላለፍክም?»

«ወደ መጸዳጃ ሳልፍ አየኋቸው። እኔ ላይ እንደ ጮኹት አስተናጋጆቹም ላይ ጮኸው ጠፍረው ያሰሯቸው ነው የመሰለኝ። እሰይ አልኩ በሆዴ። ከዚያ መጸዳጃው ውስጥ ተቆልፌ ቀረሁ፤ ለካ የሚገፋውን በር ነው ስጎትት የቆየሁት። ደግ ሴትዮ አወጣችኝ።» ብቻውን ሳቀ፤ ሳቁ ሳያልቅ እንባው ቀደመው። «እሰይ ማለቴ ነው የሚቆጨኝ።»

በመጨረሻ ሲቱማ መጣና እጇን በሁለት እጁ ያዘ። ዐይኑ ቀልቷል።

«ሰንጌ፣ መምህሬን፣ አባቴን አጣሁ እኮ።»

«አይዞህ። ቀበቶውን አይተኸው ነበር?»

«አየሁት። ተኝተዋል፣ እንዳይቀሰቅሷቸው ነው ብዬ ኮቴዬን አጥፍቼ አለፍኩ።»

ናኩሚቻ እጁን መታ መታ አደረገችለት። «ሂድ፣ ውሃ ጠጣ» አለችው። ወጥቶ መጋረጃው ከተመለሰ በኋላ ግን ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። ሐኪሙ ልብ ነው ብሎ ሊዘጋው ፈቃደኛ ነው። አንድ ቃል ባትተነፍስ ልጇ ልጇ ሆኖ ይቀራል። ማሲንዴ ግን በሰው እጅ መሞታቸውን የሚያውቅ ሰው አይኖርም። ይህን ማድረግ እንደማትችል ስታውቅ ራሷን ጠላች።

ሁሉንም እዚያው ምግብ ማዘጋጃው ጋ አስጠራቻቸው፤ ሐኪሙና አስተናጋጇም መጡ።

«አምስታችንም ተሳፍረን አናውቅም ብለናል» አለች። «ሙዜ ደግሞ ከብርድ ልብስ በላይ የታሰረ ቀበቶ ምን ማለት እንደሆነ አያውቁም። እኔም አላውቅም ነበር። ግን ሁለታችንንም እንደዚያ ያሰረን ሰው አለ። ለምን? ሙዜ መሞታቸው ቶሎ እንዳይታወቅ፣ እኔም እንዳልነቃ። ወደ መካከለኛው ወንበር የሚገባ ሰው ጉልበቴን ሳይሻገር አይገባም። ስለዚህ መጀመሪያ እኔን ማስተኛት ነበረበት።»

«በምን?» አለ ዋማልዋ።

«በሻይ። የሙዜንና የእኔን ሻይ ከመተላለፊያው ማዶ ካለው ወንበሩ ሆኖ ተቀብሎ፣ እንደ ቤታችን ስኳር ጨምሮ ያቀበለን ሲቱማ ነው።»

«ሰንጌ!»

«ቆይ። ይህን ብቻ ብይዝ እኔ ራሴም አላምንም ነበር። ሦስታችሁንም ስለ ቀበቶው ጠየቅኋችሁ። ኔሊማ ፈርተው ነው አለች። ዋማልዋ ታስረው ነው አለ። አትቀስቅሱኝ ማለታቸው ነው ያለው አንተ ብቻ ነህ። ቀበቶህን እኔ ያሰርኩልህ ልጅ!»

«አስተናጋጇ ነግራኝ ነው።»

«እኔ?» አለች አስተናጋጇ። «ከእኚህ እናቴ በቀር ለማንም አልተናገርኩም። እሳቸውም የጠየቁኝ ሽማግሌው ከሞቱ በኋላ ነው።»

ሲቱማ አቀረቀረ።

«አምና የእናትህ ወንድም ሞተ ብለህ ለቅሶ ሄድክ» አለች ናኩሚቻ። «ነጠላ ጫማህን ሳይቀር እኔ ነኝ ያሰናዳሁልህ። አብሬህ አለቀስኩ። ማንም አልሞተም ነበር፣ አይደል? በአውሮፕላን ሄደህ ሴኡል ነበርክ፤ የቀበቶውንም ነገር ያወቅከው ያኔ ነው። ዛሬ ልንነሣ ስንል ሙዜ እየሳቁ ምን አሉን? ‹የውድድሩ አዘጋጅ ሴትዮ በስልክ የዜማ ደራሲው ረዳት እያለች ጠራችኝ፣ ተሳስታ ነው፣ ስንደርስ አርማታለሁ› አሉ። እኔ ሳቅሁ። አንተ ግን አልሳቅክም።»

«የውድድሩ አዘጋጆች ወጣት ደራሲ ነው የምንፈልገው አሉኝ» አለ ሲቱማ ሳያያት። «ዜማዎቹ የእኔ ናቸው አልኳቸው። ከዚያ መመለስ አልቻልኩም። ሙዜ ዛሬ ከደረሱ አለቀልኝ።»

«ሙዜን ብትጠይቃቸው እኮ ዜማዎቹን ይሰጡህ ነበር!» ብሎ ዋማልዋ ጮኸበት። «አንተ ጅል! ይሰጡህ ነበር!»

«ሰንጌ፣ አንቺን አልጎዳሁሽም። እንቅልፍ ብቻ ነው የሰጠሁሽ።»

«አንተን አምኜ ነው የተኛሁት» አለች።

እጆቹን ከፊት ለፊቱ በላስቲክ ማሰሪያ አሰሩት። የት እንደሚያስቀምጡት ግን ቸገረ። ትርፍ ወንበር የለም፤ ኔሊማም ከአስከሬኑ አጠገብ ብሞት አልቀመጥም ብላ ወደ ሲቱማ ወንበር ሄዳለች። የቀረው በማሲንዴና በናኩሚቻ መካከል ያለው ነው።

«አንቺ ወደ እኔ ቦታ ሂጂ፣ እኔ እጠብቀዋለሁ» አላት ዋማልዋ።

«እኔው እጠብቀዋለሁ» አለች።

ክንዳቸው እየተነካካ ተቀመጡ። እሱ ወደ ሞቱት መምህሩም ወደ እሷም መዞር አልቻለም፤ የፊተኛውን ወንበር ጀርባ ብቻ ያያል። የመስኮቶቹ መከለያዎች ተከፈቱ፣ ብርሃን ገባ፣ የምግቡ ጋሪ እየተንኳኳ መጣ።

«ዶሮ ወይስ ፓስታ?» አለች አስተናጋጇ፣ ከአፏ ሲወጣ ራሷም ደንግጣ።

«ለሱ ዶሮ» አለች ናኩሚቻ።

አስባ አይደለም፤ ዕድሜ ልኳን ያለችው ነውና አፏ ቀደማት። ሳህኑ ፊቱ ተቀመጠ፤ የታሰሩት እጆቹ ክዳኑን መክፈት አልቻሉም። ናኩሚቻ ለራሷ ምንም አልወሰደችም። ክዳኑን ገልጣ፣ ዶሮውን በትናንሹ ቆራርጣ፣ ፊቱን ሳታይ ማጉረስ ጀመረች። አፉን ከፈተ። እንባው አገጩ ድረስ ወርዶ ከምግቡ ጋር ተቀላቀለ። ማኘኩን ትቶ ሲንሰቀሰቅ ሹካዋን ይዛ ጠበቀችው።

«ዋጥ» አለችው። «ገና ብዙ ይቀረናል።»