ሁለት ቅርንጫፍ በአንድ ብርጭቆ

የኡርፖ ቲያይነንን አስከሬን ያገኙት ጠዋት ጠዋት የሚዋኙት የሰፈሩ አሮጊቶች ናቸው። ሐይቁ ላይ በተጋገረው በረዶ መሀል በተቀደደው የዋና ጉድጓድ ውስጥ፣ ከመሰላሉ ሥር ፊቱን ደፍቶ ተንሳፍፎ ነበር። የዋና ቁምጣ ለብሷል፤ የሱፍ ቆብና የውሃ ጫማም አድርጓል። ልብሱ መድረኩ ላይ ባለው አግዳሚ ወንበር በወጉ ታጥፎ ተቀምጧል። ከአሮጊቶቹ አንዷ «በመጨረሻ አደረገው» አለች፤ ሌሎቹም ራሳቸውን ነቀነቁ። ኡርፖ የድባቴ ሕመምተኛ እንደነበር የሰፈሩ ውሻ ሳይቀር ያውቃል። ሰው ደግሞ አንዴ ድባቴ ያዘው ከተባለ፣ ጉንፋን ቢገድለው እንኳ ራሱን አጠፋ መባሉ አይቀርለትም።

የፊንላንዷ ከተማ የኩኦፒዮ ፖሊስም ነገሩን በዚያው ሊዘጋው ነበር። ችግሩ መርማሪ ሄልካ ሶርሙነንን መላኩ ነው። ሄልካ ጡረታዋ የደረሰ፣ አጭር፣ ቁጡ ሴት ናት፤ ሰው ሲያናግራት ፊቱን ትታ እግሩን የማየት ክፉ ልማድ አላት። የሟቹንም እግር አየች። የውሃ ጫማው ጠቦት ተረከዙ ግማሹን ወጥቷል። ከዚያ ቆቡን አወለቀችና ከማጅራቱ በላይ ያበጠውን ቦታ በጣቷ ዳሰሰች።

«ሲወድቅ መሰላሉ መትቶት ይሆናል» አለ አብሯት የመጣው ፖሊስ።

«ይሆናል። ከተመታ በኋላ ነው ቆቡን ያጠለቀው?»

ፖሊሱ ጎንበስ ብሎ ቆቡን እንደገና አየው።

የኡርፖ ልጅ ኢንካ ዜናውን ሰምታ ከታምፔሬ ስትከንፍ መጥታ ወጥ ቤቱ ውስጥ ካፖርቷን እንኳ ሳታወልቅ ተቀምጣለች። ወደ ሐይቁ የሚያየው መስኮት በወፍራም መጋረጃ ተሸፍኗል።

«ይህ መጋረጃ ሁልጊዜ እንዲህ ነው?» አለች ሄልካ።

«እናቴ ከሞተች ጀምሮ። አባቴ ሐይቁን ማየት አይችልም ነበር።»

«እናትሽ እንዴት ሞቱ?»

ኢንካ ጠረጴዛውን በጥፍሯ እየጫረች ተናገረች። ክረምት ክረምት ሐይቁ ሲጋገር መኪና የሚሄድበትን መንገድ ቅርንጫፍ እየተከለ የሚያመለክተው ኡርፖ ነበር። ሚስቱ አውነ ቅርንጫፎቹን ተከትላ ስትነዳ፣ ወንዙ ሐይቁ ውስጥ በሚገባበት፣ በረዶው በሚሳሳበት ቦታ ከነመኪናዋ ሰጠመች። «ከዚያን ቀን ጀምሮ ‹እኔ ነኝ የገደልኳት› ነው። ሲተኛም ሲነሳም እሷው ናት ቃሉ።» መጫሯን አቆመች። «ትናንት ደውሎልኝ ነበር፤ አላነሳሁም።»

«ለምን?»

«ደከመኛ! ስንት ዓመት ሙሉ አንድ ዓይነት ልቅሶ! ስልኩ ሲጠራ እያየሁት ዝም አልኩ። እሱ ደግሞ ሄዶ እናቴ የሞተችበት ውሃ ውስጥ ገባ። እኔ ነኝ የገደልኩት።»

ሄልካ ሰውን ማባበል አትችልበትም። ዓይኗን ጠረጴዛው ላይ ወዳለው ብርጭቆ አዞረች። ውስጡ ሁለት ቅርንጫፎች ቆመዋል፤ አንዱ አረንጓዴና የሚዋጋ የጥድ ቅርንጫፍ ነው፤ ሌላው ልጡ የነጣ፣ ቅጠሉ የረገፈ የበርች ዛፍ።

«ይህስ ምንድን ነው?»

«እንጃ። ሐኪሞቹ ቤትህን አሳምር ብለውት ይሆናል።»

በሩ ተንኳኳና ታይስቶ ላምፔላ ገባ። ከጎን ያለውና በበርች ዛፍ የተከበበው ቤት የእሱ ነው። ዓሣ በአጃ ዳቦ ውስጥ የተጋገረበት ካላኩኮ በፎጣ ጠቅልሎ ይዟል። ኢንካ «አጎቴ!» ብላ ደረቱ ላይ ወደቀች። በሰፈሩ ስለ ጓደኝነት ሲወራ ስሙ የሚጠራው ታይስቶ ነው፤ ኡርፖ ከአልጋ መነሳት ባቃተው ጊዜ እሳት አንዳጁም በረዶ ጠራጊውም እሱ ነበር።

«እነዚያ ሐኪሞች ናቸው የጨረሱት» አለ ለሄልካ። «ባትፈልግም ተነስ፣ ተራመድ፣ ዋኝ ይሉታል! እኔ ነኝ በመኪናዬ የማመላልሰው፤ ሁሉን አውቃለሁ።»

«ዋኝ መባሉን ኡርፖ ራሳቸው ነገሩዎት?»

«በገዛ አፉ! እምቢ በል ብዬው ነበር። ልብህ ደካማ ነው አልኩት።»

ሄልካ የታይስቶን እግር አየች። ትንሽ እግር ነበር።

ኡርፖ ይታከምበት በነበረው ክሊኒክ ውስጥ ዶክተር ያርኮና ዶክተር ሲርኩ አንድ መጠበቂያ ክፍል ይጋራሉ፤ በሐሳብ ግን አይገናኙም። ለድባቴ የትኛው የንግግር ሕክምና እንደሚሻል ለማወዳደር ሕመምተኞቹን በዕጣ ተካፍለዋቸዋል።

«የእኔዎቹ ይሠራሉ» አለ ያርኮ። «ደስታ እስኪመጣ ቁጭ ብለህ አትጠብቅ፤ መጀመሪያ ተነስ፣ አተር ዘፍዝፍ፣ ተራመድ፣ ዋኝ፣ ደስታው ተከትሎህ ይመጣል እላቸዋለሁ። የሲርኩዎቹ ተቀምጠው ሐሳባቸውን ይበጥራሉ።»

«የአንተዎቹ ደግሞ አተር እየዘፈዘፉ ያለቅሳሉ» አለች ሲርኩ፤ ፊቷ ግን የቀልድ አልነበረም።

«ለመሆኑ ማን እየበለጠ ነው?» አለች ሄልካ።

ሁለቱ ተያዩ። «እስካሁን ያን ያህል ልዩነት የለም» አለ ያርኮ ቅር እያለው።

«ኡርፖስ የማን ነበሩ?»

«የእኔ» አለች ሲርኩ። «ስለ ሕክምናው ለማንም እንዳይናገሩ እንጠይቃቸዋለን፤ እሱም ቃሉን የሚጠብቅ ሰው ነበር። እኔ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ‹ይህን ክፉ ሐሳብ ለማመን ምን ማስረጃ አለህ?› እላለሁ።»

«የእኔን እንጀራ ነው የምትበዪው!» አለች ሄልካ።

ሲርኩ አልሳቀችም። «እኔ ጠይቄ ጠይቄ ወደ ውሃው ገፍቼው ይሆን? ሞቱን ከሰማሁ ጀምሮ እህል ከአፌ አልገባም። የመጨረሻው ቀን እኮ ሳቀ! ‹የእኔ ጥድ ነበር› አለና ሳቀ። ምን ማለቱ እንደሆነ አልገባኝም። ሰዓታችን አልቆ ነበርና ወጣ።»

ሄልካ ከዚያ ሄዳ ከፖሊስ መዝገብ ቤት አንድ የድሮ ፎቶግራፍ አስወጣች። በማግስቱ ጠዋት ደግሞ መድረኩ ላይ ቆማ አሮጊቶቹ ሲዋኙ አየች። ታይስቶም ለቅሶው ሳያግደው መጥቶ በበረዶው ላይ እየዘለለ ወደ መሰላሉ ሄደ።

«ውይ ታይስቶ፣ በባዶ እግርህ?» አለች አንዷ። «በዚህ ዕድሜህ ጎረምሳ ልትሆን?»

«ጫማዬ አርጅቶ ጣልኩት።»

«በገና የገዛኸውን? ስትንጠባረርበት ከርመህ?»

ሄልካ አሮጊቷን ልሳማት ብላ ተወችው።

ሁሉንም የሰበሰበቻቸው በክሊኒኩ መጠበቂያ ክፍል ነው። የኡርፖን ዕቃ ለልጁ ለመመለስ በወረቀት ከረጢት ይዛ መጥታ ነበርና ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። ብርጭቆውን ከነቅርንጫፎቹ ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

«አቶ ታይስቶ፣ ኡርፖን ዋኝ ያለው ማን ነበር?»

«ነገርኩዎት እኮ። ሐኪሙ።»

«ዶክተር ሲርኩ፣ ብለሻቸዋል?»

«በፍጹም። እኔ ጋ ዋና የሚባል ነገር የለም።»

ታይስቶ ወደ ያርኮ ዞረ። «እዚህ ተቀምጬ ስጠብቅ ሁሉም የሚያወሩት ስለ ዋና፣ ስለ አተር…»

«የሚያወሩት የያርኮ ሰዎች ናቸው» አለች ሄልካ። «እዚህ ቤት የሚመጣ ሁሉ አንድ መድኃኒት የሚታዘዝለት መሰለዎት። ኡርፖ ግን ዋኝ አልተባሉም፤ ስለዚህ ዋኝ ተባልኩ ብለው ሊነግሩዎት አይችሉም። ‹በገዛ አፉ› ያሉኝ ውሸት ነው። ለምን ዋሹኝ ብዬ ራሴን ጠየቅሁ።» ወደ እግሩ ጠቆመች። «ሟቹ ያደረጉት ጫማ ጠቧቸዋል። ሐይቁን በመጋረጃ የሚሸሽ ሰው የውሃ ጫማ ከየት ያመጣል? እርስዎ ደግሞ በገና የገዙት ጫማ ያው በዚያ ሰሞን ጠፋብዎ።»

«ለምን እገድለዋለሁ? ከወንድሜ የምለየው ሰው አልነበረም!»

«ኡርፖ ማስረጃ ስለፈለጉ» አለች ሄልካ። «ስንት ዓመት ‹ገድያለሁ› ሲሉ፣ ምን ማስረጃ አለህ ብሎ የጠየቃቸው ሰው አልነበረም። ሲርኩ ጠየቀች። ያኔ ትዝ አላቸው፤ መንገዱን ያመለከቱት ከጓሯቸው በቆረጡት ጥድ ነበር፤ ያን ቀን ቀዳዳው ዳር ያዩት ግን ሌላ ዛፍ።» ፎቶግራፉን ብርጭቆው አጠገብ አኖረች። «ይህ አውነ በሰጠሙ ቀን የተነሳ ነው። ቀዳዳው ዳር የቆሙትን ቅርንጫፎች እዩ። በርች ናቸው፤ የእርስዎ ቤት የተከበበበት ዛፍ። ማንም ልብ ያላላቸው፣ ኡርፖ ጥፋቱን ገና ሳይጠየቁ በራሳቸው ላይ ስለወሰዱ ነው። እርስዎም ዝም አሉ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ይሏል ይህ ነው።»

ኢንካ ቀስ ብላ ከታይስቶ አጠገብ ተነሳች። «አጎቴ?»

ታይስቶ እሷን ማየት አልቻለም። «መንገዱ ዙሪያ ነበር» አለ። «ወደ ቤቴ ላሳጥረው ብዬ ነው ምልክቱን የቀየርኩት። በረዶው ወፍሯል ብዬ ነበር። ከዚያ… ልናገር ስል እሱ ‹እኔ ነኝ› አለ። አንድ ቀን ዝም ስትል ሁለተኛው ቀን ይከብዳል። ያን ሁሉ ዓመት ያገለገልኩት እኮ…»

«ያን ቀንስ?»

«ልዋኝ ስል መድረኩ ላይ መጣብኝ። ሐይቁ ዳር ሲመጣ ከስንት ዓመቱ! አልጮኸም፤ ‹ለኢንካ አንተው ንገራት› ብቻ አለኝ። ለእሷ! እንዴት ብዬ? ገፋሁት፤ የመሰላሉ ብረት መታውና ወደቀ። ይተነፍስ ነበር።» ፊቱን በእጁ ሸፈነ። «አምቡላንስ ልጠራ ነበር። ከነቃ ግን ይናገራል።»

ካፈርኩ አይመልሰኝ ማለት እንዲህ ሰው ያስበላል። ያን ሁሉ ዓመት ሲመግበው የኖረውን ጓደኛውን ልብሱን አውልቆ፣ ከመኪናው ትርፍ የዋና ቁምጣ አምጥቶ አልብሶ፣ የገዛ ራሱን ቆብና ጫማ አድርጎለት፣ ነፍሱ ሳይወጣ ውሃ ውስጥ አወረደው። ፖሊሱ ብብቱን ይዞ አወጣው።

 ኢንካ ወደ ያርኮ ዞረች።

«ዕጣው አንተ ጋ ቢጥለው ኖሮስ?»

ያርኮ ወንበሩን ወደ እሷ አዞረ። «አተር ዘፍዝፍ እለው ነበር።»

«በሕይወት ይኖር ነበር?»

«ምናልባት ይሻለው ነበር። ‹እኔ ነኝ የገደልኳት› እያለ ግን… አዎ። ይኖር ነበር።»

ሲርኩ ማልቀስ ጀመረች። «ኢንካ፣ መጀመሪያ የመጣ ቀን ‹ገድያታለሁ የሚለውን ምን ያህል ታምናለህ?› ብለው ‹መቶ ከመቶ› አለኝ። የመጨረሻው ቀን ‹ምንም› አለ። ከዚያ ሲወጣ በሩ ላይ ቆመና ‹ለልጄ እደውልላታለሁ፤ እናትሽን አልገደልኳትም እላታለሁ› አለኝ። እየሳቀ ነበር።»

ኢንካ ስልኳን አወጣች። ያላነሳችው ጥሪ አሁንም እዚያው ነበር። አየችው፤ አየችውና በአውራ ጣቷ ነካችው።

በሄልካ ጭን ላይ፣ በወረቀት ከረጢቱ ውስጥ፣ የኡርፖ ስልክ መጥራት ጀመረ። ሄልካ ልታጠፋው እጇን ሰደደችና መለሰችው። እስኪያበቃ ድረስ ጠራ።